አባ ገስግስ ከግንቡ በየት በኩል ነው?

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለእድላዊት፣

ያለሽበት አገር ብርዱ ሳይጠናብሽ ይህ ወረቀት በሰላም ይግባልሽ። እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን አለን። እትዬሽ ዘቢደር ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት፤ «አግቢ በልልኝ» ብላለች፣ እኔ አድራሽ ብቻ ነኝ። ኔት ከተዘጋ ከረመ። ስልኩም ደስ ሲለው ይሠራል፣ ሲከፋው ዝም ይላል። ስለዚህ በጥንቱ ወግ መጻፍ ግድ ሆነ። ወረቀቱን ሾፌር አዲስ አበባ ላለው ዘመዳችን ለአገኘሁ ያደርስልኛል፤ አገኘሁ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል፣ ያንቺንም መልስ አትሞ በዚያው መንገድ ይሰድልናል። መንገድ ሲዘጋ ግን ወረቀቱም እንደ መንገደኛው መናኸሪያ ይከርማል።

የምጽፍልሽ ስለ ግንብ ነው። አትሳቂ።

ያን ጊዜ ለጥየቃ መጥተሽ ለልጃችን ለሂዊ የጨዋታ መጽሐፍና ባለ ብዙ ገጹን ዳይስ ትተሽላት ሄደሽ ነበር። ልጆቹ ትምህርት ከተቋረጠባቸው ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት ተሰብስበው ይጫወቱታል። ሂዊ ታሪኩን ትመራለች፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ፈጥረው በሱ አፍ ይናገራሉ። ዘቢደር «ድግምት» የሚል ቃል ሰምታ ደንግጣ ነበር። የንስሐ አባታችን ቄስ ገዳሙ መጥተው አንድ ከሰዓት አዳምጠው «ወረቀት ላይ ያለ ዘንዶ ሰው አይነክስም፤ ይልቅ ደጅ ያለውን ፍሩ» ብለው ሄዱ።

የጎረቤታችንን የየብርጓልን ልጅ መሳፍንትን ታስታውሺው ይሆናል፣ ያን ረጅሙን። ታላቅ ወንድሙ በክረምቱ ጫካ ገባ። ከዚያ ወዲህ እሱም «እሄዳለሁ» ይላል። እስካሁን ያልሄደው፣ አልደብቅሽም፣ በዚህ ጨዋታ ምክንያት ነው። አባ ገስግስ የሚባል ጦረኛ አለው፤ ስለሱ ሲያወራ የገዛ ፈረሱ ይመስልሻል። «የሚመጣው ቅዳሜ ምን ያገኘው ይሆን?» እያለ ከቅዳሜ ቅዳሜ ይደርሳል። እናቱ መንገድ ላይ ስታገኘኝ «ጋሼ፣ ይህችን ቅዳሜ አደራ» ትለኛለች።

አሁን ያ ሊፈርስ ነው። በታሪኩ ውስጥ ግዙፋን አሳደዷቸውና ሸለቆ ውስጥ ገቡ። የልብስ ሰፊው የታረቀኝ ልጅ ጌቾ አስማተኛ ነው የሚጫወተው፤ በሸለቆው አፍ ላይ የድንጋይ ግንብ ጠራ። ግንቡ የሚያልፍበት መስመር ላይ ግን አባ ገስግስ ቆሞ ግዙፎቹን ይከላከል ነበር። መጽሐፉ «ግንቡ ሰው በቆመበት ካለፈ ሰውየው ወደ አንድ ወገን ይገፋል፤ ወገኑን ግንቡን የጠራው ይመርጣል» ይላል አሉ። ጌቾ «ወደ ውጭ» አለ። ውጭ ማለት ሞት ነው። መሳፍንት «ለምን?» ቢለው «ውጭ ውጭ ስትል አይደል የምትውለው? ይኸው ውጣ!» አለው። ተናነቁ፣ ገላገልኳቸው።

መሳፍንት ሲወጣ «እስካልተዳኘሁ አልመለስም» ብሏል። እዚህ ከተማ አልመለስም ያለ ልጅ ወዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ። መጽሐፍ ያለ መምህር አይነበብምና አንቺ ፍረጂ። ቶሎ በይልኝ።

አጎትሽ ይርዳው

*

ትሮንድሄም፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ይርዳው፣

ጤናዎ እንደምን ከረመ? የቤታችሁን በር ክፉ አይርገጠው። ለእትዬ ዘቢደር፣ የሚያገባኝ ሰው አልጠፋም፣ የማገባው ነው የጠፋው ብላለች በሉልኝ።

ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ፣ አረጋውያኑን ምሳ አብልቼ ሳበቃ አነበብኩት። ሳቅሁም፣ አዘንኩም። ግን ገና ከመጀመሪያው ልንገርዎት፤ እናቱ አደራ ብላለች ብዬ አልፈርድለትም። ይህ ጨዋታ በሕጉ ነው የሚኖረው። ሰው የማይሞትበት ከሆነ ልጆቹ ራሳቸው ይሰለቹታል፣ ያን ጊዜ መሳፍንትም ይሄዳል።

ስለዚህ ጠይቀው ይጻፉልኝ። ከግንቡ በስተውስጥ እነማን፣ እንዴት ሆነው ቆመዋል? ቦታ ነበረ? በስተውጭስ ግዙፉ ከአባ ገስግስ ምን ያህል ይርቃል? ግንቡ የቆመው አለት ላይ ነው አፈር ላይ? አለት ካልነካ ግንብ አይቆምም።

እሑድ ዕለት ስልኩ ሠርቶልኝ የሂዊን ድምፅ ሰማሁ። ከኋላዋ የሚሰማው ምንድን ነው ብላት «በር ነው» አለችኝ። እናንተ ቤት እንዲያ የሚጮህ በር አላስታውስም።

እድላዊት

*

ደብረ ማርቆስ፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእድላዊት፣

የጌታ ልደት በደስታ ያግኝሽ። መልስሽ ዘግይቶም ቢሆን ደረሰኝ። በሩን አድሰነዋል።

«እድላዊት ልትዳኛችሁ ነው» ብዬ ብልክበት መሳፍንት መጣ። ዕድሜዬን በማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኝነት የፈጀሁ ሰው ነኝና ወጉን ላጓድል አልፈለግሁም፤ ፊት ለፊት አቁሜ አከራከርኳቸው። ጌቾ ጋቢዬን አደግድጎ «በላ ልበልሃ!» ብሎ ቢጀምር ሂዊ በሳቅ ወደቀች። ከክረምት ወዲህ ቤታችን እንዲያ ሲሳቅበት ሰምቼ አላውቅም።

ቃላቸው እንዲህ ነው። ግንቡ አለት ላይ ቆሟል፣ በዚህ ተስማምተዋል። በስተውስጥ ያለው ስፍራ ጠባብ ነው፤ የጌቾ አስማተኛና አብራቸው የምትጫወተው የትሕትና ቀስተኛ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል፣ ከኋላቸው ገደል ነው። በስተውጭ ግዙፉ አባ ገስግስን ደረት ለደረት ገጥሞታል። ጌቾ «ውስጥ ቦታ የለም፣ ምርጫው ደግሞ የኔ ነው» ይላል። መሳፍንት ምን አለ መሰለሽ? «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ። አባ ገስግስን ሕጉ ከገደለው ይግደለው። ጌቾ ግን አይግደለው።» አነጋገሩን ወደድኩት፤ ፈራሁትም።

ከዚያ ልማድ ሆኖብኝ «ፍርድ እስኪሰማ ከከተማ ላትርቅ ዋስ ጥራ» አልኩት። እንደ ቀልድ ነው ያልኩት። እሱ ግን ቆሞ «ሂዊ ዋሴ ናት» አለ፤ እሷም «ተዋስኩ» አለች። የኛን ሰው ታውቂዋለሽ። ማተቡን ቢረሳ ዋሱን አያሳፍርም።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ ነው፣ ዳኛ ሆኜ ስለምንሽም አፍራለሁ። ሕጉ ወዴትም ቢያጋድል አንቺ ለመሳፍንት አጋድዪ።

አጎትሽ ይርዳው

*

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእድላዊት፣

ሰላምታዬን ከልብ ቁጠሪልኝ፤ ሾፌሩ ደጅ ቆሟል።

ያለፈውን ልመናዬን እርሺው። እንዳትፈርጂ። ለሱም፣ በሱ ላይም እንዳትፈርጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሳፍንት በየቅዳሜው ይመጣል። «ፍርዱ መጣ?» ይላል። «አልመጣም» ስለው ይቀመጣል፣ ሂዊም እስከዚያው ሌላ ትንንሽ ታሪክ ታጫውታቸዋለች። ባለፈው ሰሞን የሰፈሩ ልጆች ተጠራርተው ሲወጡ በሩን አንኳኩተው ጠርተውት ነበር። እናቱ ከውስጥ ሆና ሰምታለች። «ነገር ላይ ነኝ፣ ዋስ አለብኝ፤ ፍርድ ሳልሰማ ከከተማ አልወጣም» ብሎ መለሳቸው። ሳቁበት አለች። እሱ ግን ቀረ።

«የዘገየ ፍርድ እንደተነፈገ ይቆጠራል» እያልኩ ስንቱን ስቆጣ የኖርኩ ሰው ይኸው ዛሬ አዘግዪልኝ እልሻለሁ። ሌላ ጥያቄ ጠይቂ። ታመምኩ በይ። መጽሐፉ ጠፋብኝ በይ። ክረምት እስኪገባ ጎትቺው፣ ከዚያ በኋላ እግዜር ያውቃል።

ዘቢደር ገበያ መውጣት ትታለች።

ይርዳው

*

ትሮንድሄም፣ ጥር 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ይርዳውና በቅዳሜው ችሎት ለተሰየማችሁ ሁሉ፣

ሰላም ለቤታችሁ። ይህ በሁሉም ፊት ይነበብ።

የሁለቱንም ወገን ቃል አይቻለሁ። እዚህ አብረውኝ ከሚጫወቱት የሥራ ባልደረቦቼም ጋር ተከራክሬበታለሁ፤ አንዷ እስካሁን ተቀይማኛለች። ጌቾ «ምርጫው የጠሪው ነው» ማለቱ እውነት ነው። ነገር ግን ምርጫ የሚባለው ሁለቱም ወገን መቆሚያ ሲኖረው ነው። ግንቡ ሰውን ይገፋል እንጂ ሰው ውስጥ ሰው አይከትም። በስተውጭ ደረት ለደረት የገጠመው ግዙፉ ነው፤ ጠላት በቆመበት ቦታ ማንም ተገፍቶ አይገባም። በስተውስጥ ያሉት ግን ወዳጆቹ ናቸው። መጽሐፉ ስለ መተላለፍ በሚናገርበት ክፍል ወዳጅ ለወዳጁ ተጠጋግቶ ያሳልፋል ይላል። ጠባብ ነው ማለት ቦታ የለም ማለት አይደለም።

ስለዚህ አባ ገስግስ ከግንቡ ወዲህ ነው። በሕይወት አለ። ጌቾና ትሕትና ጠጋ በሉለት።

ጋሼ፣ ይህ ሌላኛው ገጽ ለእርስዎ ብቻ ነው። ላዳላ ብዬ አይደለም። ሕጉና የእርስዎ ልመና ገጠሙልኝ፤ እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም። አሁን ይመለሳል፣ አይደል?

እድላዊት

*

ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእድላዊት፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የጥር ወር ወረቀቴ መንገድ ተዘግቶ ሾፌሩ ኪስ ውስጥ ከርሞ ኖሯል፤ መንገዱ ሲከፈት የኔው ሲወጣ ያንቺው ገባ። ቅዳሜ ነበር። ሂዊ ለሁሉም አነበበችው፣ እኔም እንደ ሞኝ አብሬ አጨበጨብኩ።

መሳፍንት ተነሥቶ ጉልበቴን ሳመ። ጌቾን ሳመው፣ ጌቾም አለቀሰ። ያን ከሰዓት እንደነሱ የተጫወተ የለም። ሲያበቁ ሂዊን «ዋስነትሽ ወረደ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አላት። እኔ የነቃሁት ያኔ ነው። ስንት ዓመት ዳኝቼ፣ የተፈረደለት ሰው ከችሎት እንደሚሄድ ጠፍቶኝ! ደጅ ድረስ ተከትዬው «ቅዳሜ ትመጣለህ?» አልኩት። «ጋሼ፣ እንግዲህ ነገር የለብኝም» አለኝ። የማስቀርበት ምክንያት ፈለግሁ፣ አጣሁ። ሰኞ ማለዳ እናቱ አልጋውን ተነጥፎ አገኘችው።

ራስሽን እንዳትወቅሺ። የፈረድሽው ትክክል ነው። ቶሎ በይ ያልኩሽም፣ አጋድዪ ያልኩሽም፣ ዋስ ጥራ ያልኩትም እኔ ነኝ። ተናድጃለሁ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

የብርጓል በተከታዩ ቅዳሜ መጣችና ልጇ በሚቀመጥበት ወንበር ተቀመጠች። ልጆቹም ውጪ ለማለት አልደፈሩም፣ ጨዋታቸውን ቀጠሉ። አሁን በየሳምንቱ ትመጣለች።

ልመናዬ እየተለዋወጠ እንዳስቸገርኩሽ አውቃለሁ። ይህ የጌቾ ሐሳብ ነው። ይግባኝ ማለት ይፈልጋል። ሊረታ አይደለም፤ ይግባኝ ካለ መልስ ሰጪው መቅረብ አለበት ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፉ ባይኖርም ተቀበይውና መሳፍንት በአካል ይቅረብ በይ። ጫካ ድረስ ቃል የሚያደርስ ሰው አለ። ሕግ ያከብራል። ያንቺን ቃል ከሰማ ይመጣል።

ይርዳው

*

ትሮንድሄም፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጋሼ ይርዳው፣

የጥርና የመጋቢት ደብዳቤዎችዎ በአንድ ቀን ደረሱኝ። «እንዳትፈርጂ» የሚለውን ሳነብ የፈረድኩት አልፎ ነበር። ሥራ አልገባሁም። ቤቴ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በዚያ ሰሞን «ልጅ አዳንኩ» ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቼ ነበር።

ይግባኙን ተቀብያለሁ። እባክዎ ይህን ቃል በቃል ያድርሱልኝ፦

«ይግባኝ ባይ ጌቾ ታረቀኝ የግንቡ ፍርድ እንደገና ይታይልኝ ብሏል። ፍርዱ ለጊዜው ታግዷል። አባ ገስግስ ከግንቡ ወዲህ ይሁን ወዲያ አልተወሰነም። መልስ ሰጪ መሳፍንት በአካል ቀርቦ ይከራከር፣ በወኪል አይቻልም። ካልቀረበ ዋሱ ሂዊ ትጠየቃለች።»

የመጨረሻውን ሆነ ብዬ ነው የጨመርኩት። ዋስነቷ ወርዷል ካለ፣ ፍርዱ ሲታገድ ተመልሶ ጸንቷል በሉት። በሕግ ያስኬድ አያስኬድ ግድ የለኝም። እኔ ይህን የመሰለ ውሸት ከዚህ በፊት ፈርጄ አላውቅም።

ለእትዬ የብርጓል ጉልበቷን እስማለሁ በሉልኝ። ለፋሲካ ቤቱ ያግባው።

እድላዊት

*

ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለእድላዊት፣

ሰላምታዬ አጭር ነው፣ አትቀየሚኝ። ደብዳቤሽ ደርሷል። ግን ከደብዳቤሽ በፊት የደረሰ ሰው ነበረ።

ሰውየው ይጁቤ ገበያ የሚመላለስ ነጋዴ ነው። ልብሱን ታረቀኝ ዘንድ ያሰፋል፤ መሳፍንትን እዚያው ሱቅ ደጃፍ ከጌቾ ጋር ተቀምጦ ያውቀዋል። ከፋሲካ በፊት፣ በሕማማት፣ ገጠር ውስጥ ካንዲት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲቀብሩት አይቷል። «ፊቱን ባላየው ጥሩ ነበር፣ አየሁት» አለኝ። ከዘቢደር፣ ከቄስ ገዳሙና ከታረቀኝ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። መርዶ ያለ ሥጋ ዘመድ አይነገርም። የየብርጓል ወንድም አይናዲስ ያለው ቁይ ከተማ ነው፣ መንገዱም ተዘግቶ ነበር። እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ሆነብን።

እሷ ግን ቅዳሜዋን አላቋረጠችም። ለልጆቹ ቆሎ ቆልታ ትመጣለች። ጨዋታውንም እየለመደችው ሄደች፤ አንድ ቀን ትሕትናን «ከኋላሽ ተጠንቀቂ» አለቻት። እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ የማውቀውን እያወቅሁ አያታለሁ። እድላዊት፣ ሰው ላይ ስንት ዓመት ፈርጃለሁ፤ እንደዚያ ያለ ቅጣት ግን በማንም ላይ ፈርጄ አላውቅም።

ደብዳቤሽ የመጣው እንዲሁ ሁሉም እንደተሰበሰቡ ነው። ሾፌሩ በር ላይ ለሂዊ ሰጣት፤ እሷም እኔ ከወንበሬ ሳልነሣ ቀድዳ ጮክ ብላ አነበበችው። «በአካል ቀርቦ ይከራከር» ከሚለው ስትደርስ የብርጓል እልል አለች። ጌቾ አብሯት ጮኸ። «እንግዲህ ተጠርቷል፤ የኔ ልጅ ዳኛ ጠርቶት አይቀርም» አለች። ወደኔ ዞር ብላ «ጋሼ፣ እስከዚያው ልጄ ከግንቡ በየት በኩል ነው የሚባለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሂዊ «ገና አልተወሰነም፣ እማማ» ብላ መለሰችላት። ዘቢደር ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ወዲያ የብርጓል የልጇን ጋቢ አጥባ አሰጣች። ቤቱን ለቅልቃ ጨረሰች። ቃሉን የሚያደርሰውን ሰው ራሷ ፈልጋ ላከችው። ሰውየው የልጁን መሞት ቀድሞ ሰምቶ ኖሮ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት እኔ ዘንድ መጣ፤ «ሂድና ዝም በል» አልኩት።

አይናዲስ ከቁይ ግማሹን በእግሩ መጥቶ ትናንት ገባ። እኛ ቤት አሳደርነው፤ እንዳታየው በጓሮ በኩል ነው ያስገባነው። ዛሬ ጎህ ሲቀድ ቄስ ገዳሙ፣ ታረቀኝ፣ አይናዲስና እኔ ሆነን ሄድን። ሴቶቹ በስተኋላ ተከተሉን። ታላቅ በመሆኔ በሩን ማንኳኳት ለኔ ደረሰ። ለሂዊና ከአባቱ ጋር ለመጣው ለጌቾ ገና ስንወጣ ነገርኳቸው፤ ጌቾ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ፣ ተነሣ ብለው አልነሣ አለኝ።

የብርጓል ነቅታ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ ከፈተችልኝ። እኔን ስታይ ፊቷ በራ።

«ጋሼ፣ ቀረበ እንዴ ልጄ?» አለችኝ።

ሳልመልስላት ከኋላዬ ወንድሟን አየችው።

አጎትሽ ይርዳው